«ሐኪም ሆነህ ላብራቶሪ?» ኬሚካል ፓቶሎጂስት ለመሆን የሄድኩበት መንገድ



ብዙ ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ስኳር፣ ስለ ኮሌስትሮል፣ ስለ እንቅርትና ስለ ኩላሊት ነው። ዛሬ ስለ ራሴ ሙያ ልጻፍ። ምክንያቱ ባለፈው ሳምንት በኢንቦክስ የደረሰኝ መልእክት ነው። የላከልኝ አዲስ አበባ የሚሠራ ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ነው። «ዶክተር፣ አንተ የምትሠራው ሥራ በትክክል ምንድን ነው? ኬሚካል ፓቶሎጂ ልማር ነው ብዬ ለቤተሰቤ ብናገር ‹ሰባት ዓመት ሙሉ ተምረህ ሽንት ልትመረምር ነው?› አሉኝ» ይላል። ሳቅኩ። አባቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር ነበር ያለኝ። የሰፈር ሰው «ልጅህ የምን ሐኪም ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው «የደም» ብሎ ይገላገል ነበር።

ለሱ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ ስላልሆነ። አንድ ቀን ደም ሰጥታችሁ የውጤት ወረቀት ተቀብላችሁ የምታውቁ ሁሉ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ሥራ ይመለከታችኋል።

እኛ አገር ፓቶሎጂስት ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት እብጠት ላይ መርፌ ወግቶ ኤፍኤንኤ የሚሠራው ሐኪም ነው፤ ወይም ከኦፕራሲዮን የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ካንሰር ነው፣ አይደለም» የሚለው። ልክ ነው፣ እሱ አንዱ ዘርፍ ነው። የኛው ደግሞ ፈሳሹን ነው የሚያየው። በደም፣ በሽንት፣ አንዳንዴም ከወገብ በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ጨው፣ ስኳር፣ ስብ፣ ሆርሞንና ኢንዛይም ይለካል፤ የተለካው ቁጥር እውነተኛ መሆኑ ይጣራል፤ ከዚያ «ይህ ቁጥር ለዚህ በሽተኛ ምን ማለት ነው?» የሚለው ይመለሳል። መለካቱን የሚሠሩት የላብራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። የኔ ሥራ ማጣራቱና መተርጎሙ ላይ ይበረታል። በሽተኛም አያለሁ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ ግን አንድ ያጠፋሁት ጥፋት ነው። እስከዛሬ እዚህ ገጽ ላይ ጽፌው አላውቅም።

ኢንተርን ነበርኩ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ሆስፒታል። ሌሊቱን ተረኛ ነኝ። በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ አንድ አባት ለሄርኒያ ኦፕራሲዮን ተኝተዋል፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይታይ ተብሎ ደማቸው ተልኳል። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ውጤቱ መጣ። ፖታሲየም 7.9 ይላል።

ለማታውቁት፣ ጤነኛ ሰው ፖታሲየሙ ከ3.5 እስከ 5 ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ከ6.5 ካለፈ ልብ ምቱ ሊዛባ፣ ቀጥ ብሎም ሊቆም ይችላል። 7.9 አይቶ የማይደነግጥ ኢንተርን የለም። ሮጬ ዋርድ ገባሁ። ሰውየው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ከልጃቸው ጋር ራት እየበሉ ነው። «ና ብላ እንጂ ዶክተር» አሉኝ።

ኢሲጂ ላንሳ ብል ማሽኑ ያለው ሌላ ዋርድ ነው፤ ወረቀቱም አልቋል ተባልኩ። ደሙን በድጋሚ ልቅዳ ብዬ አሰብኩ። አስቤም ተውኩት፤ እስኪደርስ ልባቸው ቢቆምስ? መጽሐፉ የሚለውን አደረግኩ። ካልሲየም ግሉኮኔት ሰጠሁ፣ ከዚያ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ከደም አንስቶ ወደ ሴል ያስገባል፤ ለዚያ ነው የሚሰጠው። ስኳርንም አብሮ ያስገባል። ስለዚህ በየሰዓቱ ስኳራቸውን መለካት ነበረብኝ። መሀል ላይ የመኪና አደጋ መጣና ድንገተኛ ክፍል ተጠራሁ። ረሳኋቸው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ልጃቸው በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ። «ዶክተር፣ አባባ አላወቁኝም» አለኝ። ስደርስ በላብ ተጠምቀዋል፤ ብጠራቸው አይመልሱም። ግሉኮሜትሩ 31 አለ። አርባ ፐርሰንቱን ግሉኮስ በደም ሥራቸው ስገፋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ዙሪያቸውን አይተው «ምነው፣ ምን ሆንኩ?» አሉ።

ልጁ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ምን ሆነው ነው ዶክተር?»

«ፖታሲየማቸው ከፍ ብሎ ነው» አልኩት።

ጠዋት ላብራቶሪው ውስጥ የሚሠራ አንድ አንጋፋ ቴክኖሎጂስት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ወረቀቱን ይዞ ጠራኝ። «ፖታሲየሙን አይተሃል። ካልሲየሙንስ?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። 3.2 ይላል፤ ጤናማው ከ8.5 እስከ 10.5 ገደማ ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይምም ወለል ላይ ወርዷል። «በዚህ ካልሲየም ሰውየው ቁጭ ብለው ራት አይጋብዙህም ነበር» አለ። እንዲህ ሲል አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ደም ሲቀዳ ክዳናቸው የተለያየ ቀለም ያላቸው ቲዩቦች አሉ። ወይን ጠጅ ክዳኑ ለሲቢሲ ነው፤ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እሱ የሚሠራው ካልሲየምን ይዞ በማስቀረት ነው። ራሱ ደግሞ የፖታሲየም ጨው ነው። ያን ማታ ለኬሚስትሪ የሚሆነው ቀዩ ቲዩብ ደም አንሶት፣ አንድ ሰው ከወይን ጠጁ ላይ ጨምሮ ሞላው። ክፋት የለበትም፤ ሽማግሌውን ድጋሚ ላለመውጋት ነው። እኛ የለካነው የቲዩቡን ፖታሲየም ነበር። የሳቸው ፖታሲየም በማግስቱ ሲለካ 4.3 ሆነ።

ሰውየው ኦፕራሲዮናቸውን አድርገው በሰላም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጁ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። እውነቱን አልነገርኩትም። አባቱን ሊገድላቸው የነበረው በሽታ ሳይሆን እኔ የሰጠኋቸው መድኃኒት መሆኑን ሳያውቅ ነው የሄደው። ኋላ እንግሊዝ አገር ስሠራ፣ በሕክምና ስህተት የተጎዳን ሰው ወይም ቤተሰቡን ቀርቦ እውነቱን መንገርና ይቅርታ መጠየቅ ሕጋዊ ግዴታ እንደሆነ ተማርኩ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለጤና ተቋማቱ በሕግ ተደንግጓል። ሥልጠናው ላይ አሠልጣኟ ምሳሌ ስትጠይቅ ዝም አልኩ።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ለአንድ ነገር ነው። እኔ ሐኪሙ ያላየሁትን ያየው፣ በሆስፒታሉ ወግ ከኔ በታች የሚቆጠር ሰው ነው። ያ ሰው ሦስት ቁጥር አንድ ላይ አነበበ፤ እኔ አንዱን ብቻ አይቼ ሮጥኩ። «እንደሱ ማንበብ የት ነው የሚማሩት?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልግባ። ወጣቱ ሐኪም፣ እዚህ ላይ ልብ ብለህ አንብብ።

እኔ የሄድኩት በእንግሊዝ ነው። ውጭ የተማረ ሐኪም መጀመሪያ ፕላብ የሚባለውን ፈተና በሁለት ዙር አልፎ በጀነራል ሜዲካል ካውንስል ይመዘገባል። ከዚያ በቀጥታ ላብራቶሪ አይገባም። በውስጥ ደዌ ወይም በሕፃናት ሕክምና መሠረታዊውን ሥልጠና ይጨርሳል፤ እኔ በውስጥ ደዌ ሄጄ ኤምአርሲፒ የሚባለውን ፈተና ወሰድኩ። ከዚህ በኋላ ተወዳድሮ ኬሚካል ፓቶሎጂ ይገባል፤ በመደበኛው 5 ዓመት ነው። በመሀሉ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፓቶሎጂስትስ የሚሰጠው የኤፍአርሲፓዝ ፈተና አለ፤ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት። ክፍል ሁለት የጽሑፍ፣ የተግባርና የቃል ፈተና አለው፤ የራስህን የምርምር ሥራም ታቀርባለህ። ሁሉን ስትጨርስ በስፔሻሊስቶች መዝገብ ላይ ትገባለህ። ደምረው፤ አጭር አይደለም።

ወደ አፍሪካችንም ስትመጣ መንገድ አለ። ደቡብ አፍሪካና ናይጄሪያ ውስጥ ኬሚካል ፓቶሎጂ ራሱን የቻለ የሐኪሞች ስፔሻሊቲ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሥልጠናው 4 ዓመት ነው። ለላብራቶሪ ባለሙያዎች ደግሞ በኛው አገር በክሊኒካል ኬሚስትሪ ማስተርስ መሥራት ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ ሐኪም ያልሆኑ ሳይንቲስቶችም ያንኑ ኤፍአርሲፓዝ ይፈተናሉ። ከኔ ጋር ከተፈተኑት ውስጥ ከሐኪሞቹ የበለጡ ነበሩ፤ ይህን የምለው ለትሕትና ብዬ አይደለም።

የመጀመሪያው ዓመት ያዋርዳል። ኤምአርሲፒ አለፍኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስገባ፣ የክፍሉ ኃላፊ የሆነች አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ማሽን ከማስነካቷ በፊት ሁለት ሳምንት ናሙና መቀበያው ላይ አስቀመጠችኝ። ሥራዬ የሚመጣውን ቲዩብ ማየት ብቻ ነው። ስም የሌለው ቲዩብ። የሁለት ሰው ስም የተለጠፈበት ቲዩብ። ሌሊቱን መኪና ውስጥ አድሮ የመጣ ቲዩብ፤ ደም እንዲህ ሲቆይ ፖታሲየም ከሴሎቹ እየሾለከ ይወጣል፤ ሴሎቹ ደግሞ ስኳሩን እየበሉ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 ፐርሰንት ያወርዱታል። ግሉኮስ ከገባበት ክንድ የተቀዳ ደም፤ ስኳሩ ሰማይ፣ ሶዲየሙ ምድር ይሆናል። የላብራቶሪ ስህተት አብዛኛው የሚፈጠረው ደሙ ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ያንን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። ሁለት ሳምንት ቲዩብ ሳይ ግን ገባኝ።

አንዱ ስህተት የናንተም እጅ አለበት። ደም ስትቀዱ ክንዳችሁ ይታሰርና «ጭብጥ፣ ክፈት፣ ጭብጥ፣ ክፈት» ትባላላችሁ አይደል? እጅን ደጋግሞ መጨበጥና መክፈት ጡንቻው ፖታሲየም እንዲለቅ ያደርጋል፤ አንዳንዴ ውጤቱን በ1 እና ከዚያም በላይ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። አንዴ ጨብጣችሁ ያዙ እንጂ አትደጋግሙ። የሚቀዳላችሁ ባለሙያ ቢደጋግማችሁ በትሕትና ንገሩት።

ከዚያ የጥራት ቁጥጥር ይመጣል። እያንዳንዱ ማሽን በየቀኑ፣ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና ይሰጠዋል፤ ልክ ተማሪን እንደመፈተን ነው። ውጤቱ ሌቪና ጄኒንግስ የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ሕክምና ላብራቶሪ ባመጡት ግራፍ ላይ ይሰፍራል። ነጥቡ ከመስመር ሲወጣ መቼ ማሽኑን እንደምናቆም የሚነግሩንን ሕጎች ዌስትጋርድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተማቸው። ስታቲስቲክስ ነው፤ ደረቅ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። ግን «ማሽኑ ዛሬ ትክክል ነው» ብሎ ፈርሞ ደም መመርመር ማለት ይሄው ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ስልኩ ተሰጠኝ።

በየላብራቶሪው የዕለቱ ተረኛ የሚይዘው ስልክ አለ። ማሽኑ የሚያወጣቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ውጤቶች ውስጥ ኮምፒዩተሩ «ይሄን ሰው ይየው» ብሎ የሚለያቸው ወደ ተረኛው ይመጣሉ። ተረኛው አይቶ ወይ አስተያየት ጽፎ ይለቀዋል፣ ወይ ሌላ ምርመራ ይጨምርበታል፣ ወይ ስልክ አንስቶ ለሐኪሙ ይደውላል። የሚደውለው ሰው መሳሳት አይችልም፤ አለመደወልም አይችልም። አንድ ማታ የአንድ ሰው ሶዲየም 118 ብሎ መጣ። በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ሰው ያንዘፈዝፋል፣ ያደነዝዛል። የተኛው በጣፊያ አካባቢ ባለው ፓንክሪያስ በሚባለው ዕጢ ቁጣ ነው። ዋርዱ ጠንካራ የጨው ግሉኮስ (ሃይፐርቶኒክ ሳላይን) ሊሰጡት እያዘጋጁ ነበር። ሶዲየምን በጥድፊያ ከፍ ማድረግ አንጎልን ይጎዳል፤ ለዕድሜ ልክ።

ቲዩቡን አውጥቼ ብርሃን ላይ አየሁት። ከላይ የተንሳፈፈው ፈሳሽ ወተት መስሏል። ትራይግሊሰራይዱ ከልክ በላይ የሆነ ሰው ነው፤ ፓንክሪያሱንም ያስቆጣው እሱ ነው። ትልቁ ማሽናችን ሶዲየም ሲለካ ደሙን መጀመሪያ ያቀጥነዋል፤ ከደሙ ፈሳሽ ክፍል 93 ፐርሰንቱ ውኃ ነው ብሎ ገምቶ ነው የሚያሰላው። ስቡ ቦታውን ሲይዝበት ውኃው ያንሳል፣ ስሌቱ ይሳሳታል። ሳያቀጥን የሚለካ ማሽን ደግሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ፤ የደም ጋዝ የሚለካበት። ደወልኩ። «እባካችሁ ምንም ሳትሰጡ በዚያ ማሽን ለኩት» አልኩ። ሲለካ 137 ሆነ። ጤነኛ ሶዲየም።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። የሄርኒያው አባት ትዝ አሉኝ፤ የልጃቸው ነጠላ ጫማ ጭምር። ያን ሌሊት ለኔ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም።

በሽተኛም አያለሁ ብያችሁ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ሥልጠናው ሜታቦሊክ ሜዲሲን ከሚባለው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ክሊኒክ አለን፤ የደም ስብ፣ ስኳር፣ የአጥንትና የካልሲየም ችግር፣ በአፍ መመገብ ለማይችሉ ሰዎች በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ፣ በዘር የሚመጡ የሜታቦሊዝም በሽታዎች። ከሁሉ የምወደው የስብ ክሊኒኩን ነው። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ሲወለድ ጀምሮ ኮሌስትሮሉ ከፍተኛ የሚሆንበት የዘር ችግር አለበት። ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ጾመኛ ሊሆን ይችላል፣ ስፖርተኛ ሊሆን ይችላል። ካልታወቀ በሠላሳና በአርባ ዓመቱ ልቡ ሊመታው ይችላል። አባቱ ወይም አጎቱ በወጣትነቱ «ድንገት ደረቱን ይዞ» የሞተበት ሰው እዚህ ካለ፣ እባካችሁ ኮሌስትሮላችሁን ተለኩ። ኤልዲኤሉ ከ190 በላይ የሆነ አዋቂ ሰው «ቅባት ቀንስ» ተብሎ ብቻ መሸኘት የለበትም።

ፈተናውንም ልንገራችሁ። ክፍል አንድን አለፍኩ። የክፍል ሁለትን ተግባር ግን የመጀመሪያውን ጊዜ ወደቅኩ። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ስሌቱን ቸኩዬ ሠርቼ አንድ ዜሮ ጨመርኩ። አንድ ዜሮ ሲጨመር መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ነው፤ ቢጥሉኝ አልፈርድባቸውም። ያን ሰሞን አባቴ ታሞ ነበር። በስልክ «አለፍክ?» ሲለኝ «ገና አልተነገረም» ብዬ ዋሸሁት። በሁለተኛው ስፈተንና ሳልፍ እሱ አልነበረም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ለሱ ሥራዬን በደንብ ሳላስረዳው መቅረቴ ነው፤ «የደም» የሚለው ግን ቢታሰብ ብዙም አልተሳሳተም።

አሁን ሙያው ለናንተ ምን ይጠቅማችኋል የሚለው ላይ ልምጣ።

በቅርቡ አንዲት እኅታችን ውጤቷን ላከችልኝ። ቲኤስኤች በጣም ዝቅ፣ ፍሪ ቲ ፎር ከፍ። እንቅርትሽ ከመጠን በላይ እየሠራ ነው ተብላ መድኃኒት ታዞላታል፤ ልትጀምር ነው። «ልብሽ ይመታል? ክብደት ቀንሰሻል? ሙቀት ይሰማሻል? እጅሽ ይንቀጠቀጣል?» አልኳት። «ኧረ ምንም የለኝም ዶክተር፣ እንዲያውም ወፍሬአለሁ» አለችኝ። ቀጥዬ «ለፀጉር ወይም ለጥፍር የምትወስጂው ነገር አለ?» አልኳት። አለ። ከውጭ የተላከላት 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን፣ በየቀኑ።

ባዮቲን ቫይታሚን ነው፣ በራሱ አይጎዳም። ችግሩ ብዙ የሆርሞን መመርመሪያ ማሽኖች ባዮቲንን ራሱን እንደ ማጣበቂያ መጠቀማቸው ነው። ደማችሁ ውስጥ ትርፍ ባዮቲን ሲኖር ማጣበቂያው ይዛባል። በአንዳንዱ ምርመራ ውጤቱን ያወርደዋል፣ በሌላው ይሰቅለዋል፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ቁጭ የእንቅርት በሽታ የሚመስል ወረቀት ይወጣል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲጠረጠር የሚለካውን ትሮፖኒንንም በሐሰት ሊያወርደው ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ሲያስጠነቅቅ በዚሁ የተነሳ የሞተ ሰው ሪፖርት እንደደረሰው ጨምሮ ተናግሯል።

እኅታችን ሐኪሟን አነጋግራ፣ ባዮቲኑን ለጥቂት ቀናት አቁማ ተመረመረች። ሁለቱም ውጤት ትክክለኛ ሆነ። መድኃኒቱን ብትጀምር ኖሮ ደህና እንቅርት ነበር የምታፍነው። ለእንቅርት ምርመራ ቢያንስ ለ2 ቀን ባዮቲን መተው ይመከራል፤ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ከዚያም ሊበልጥ ስለሚችል ሐኪማችሁን ጠይቁ። በሐኪም የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ዱቄትም ይሁን ከረሜላ የሚመስለውን፣ ለላብራቶሪውም ለሐኪሙም ተናገሩ። «ቫይታሚን ነው እንጂ መድኃኒት አልወስድም» የምትለዋ አነጋገር እኛን ብዙ አሳስታናለች።

ሌላ ደግሞ ስለ ኮከቧ። ወረቀታችሁ ላይ ከአንዱ ቁጥር አጠገብ ኮከብ ወይም ቀስት ስታዩ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትጽፉልኛላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። «ጤናማ መጠን» የሚባለው የሚወጣው ጤነኛ ሰዎች ተለክተው፣ የመካከለኞቹ 95 ፐርሰንት ውጤት ተወስዶ ነው። ይህ ማለት ከመቶ ጤነኞች አምስቱ ምንም ሳይሆኑ ኮከብ ይወጣላቸዋል። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ 20 ምርመራዎችን አንድ ላይ ብታሠሩ፣ ሁሉም ከመስመር ውስጥ የመሆን ዕድላቸው 36 ፐርሰንት ብቻ ነው። ፍጹም ጤነኛ ከሆኑ መቶ ሰዎች 64ቱ ቢያንስ አንድ ኮከብ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ማለት ነው። «ሙሉ ቼክአፕ» የሚባለውን ፓኬጅ የማልወደው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ በዚህ የሚቀየሙኝ የክሊኒክ ባለቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። የሚጠረጠር ነገር ኖሮ የታዘዘ ሦስት ምርመራ፣ ሳይጠረጠር ከተሠራ ሠላሳ ምርመራ ይሻላል።

ስለዚህ፣ ወጣቱ ወንድሜ፣ ልማር ወይ ላልከኝ።

ሐኪም በሚያጥርበት አገር ሐኪምን ላብራቶሪ ማስገባት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደሱ አስብ ነበር። አሁን ከተማዎቻችን ውስጥ አዳዲስ የኬሚስትሪና የሆርሞን ማሽኖች በየክሊኒኩ ገብተዋል። አይኤስኦ 15189 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሕክምና ላብራቶሪ ደረጃ ያሟሉም አሉን። ቁጥር የሚያወጣው በዛ፤ ቁጥሩን ከበሽተኛው ጋር አስታርቆ የሚያነብ ሐኪም ግን እንደ ዕድል ነው። ያን ክፍተት ከናንተ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ አያስፈልግም።

ገንዘቡን ካሰብክ ቀዶ ሐኪም ሁን። ሰው በመንገድ አስቁሞ እንዲያመሰግንህ ከፈለግክም ይሄ ሙያ አይሆንህም፤ ያ ሶዲየሙ 118 ተብሎ የነበረው ሰው እኔ መኖሬንም አያውቅም። ስልክ ደውለህ «ቆይ፣ አትስጡት» ማለት የሚያረካህ ከሆነ ግን ና። ከመወሰንህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። አንተ ያለህበት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ጋሼ የሚባል ሰው አይጠፋም። ሁለት ሳምንት፣ ከሥራ ሰዓትህ ውጭ፣ አጠገቡ ቁጭ በልና ቲዩብ እይ። ሻይ አንተ ጋብዘው።

የኔን ጋሼ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዕረፍት ስመጣ አገኘሁት፤ ጡረታ ወጥቷል። ያን ሌሊት አስታወስኩት፤ እሱ ረስቶታል። «ብዙ እንዲህ ያለ ነበር» አለኝ።

ውጤታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩልኝ ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ሸፍኑት። ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ግን አትቁረጡብኝ። እንግሊዝ ወይም ዱባይ ያለ ዘመዳችሁ በባዶ ሆድ ስኳሬ 7 ነው ቢላችሁ፣ መለኪያው ሚሊሞል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ 126 ነው፤ በ18 ማባዛት ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰው «7 ብቻ ነው፣ ወርዷል» ብሎ መድኃኒቱን አቁሞ ነበር። ስለ ባዮቲንና ስለ እንቅርት ምርመራ የቀሩ ጥያቄዎች ካሏችሁ እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ፤ ሐሙስ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ።